አሥራ አንድ ፍሬ ባቄላ

ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ አፍንጫዬ ነው የነገረኝ። የጤፍ ብናኝ፣ የነቀዝና የአሮጌ ጆንያ ሽታ ባንድነት ተቀበሉኝ። ዓይኔ ጨለማውን ሳይለምድ ሦስት ጊዜ አከታትዬ አነጠስኩ።

«ይማርህ!» አለኝ ከወዲያኛው ጥግ አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ በደህና ቀን ቤቱ ለመጣ እንግዳ እንደሚባለው።

«ያኑርዎ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንዲህ ባለ ቦታ ምን «ይማርህ» የሚሉት ቀልድ ነው ብዬ በሆዴ ተቆጣሁና ያገኘሁት ግድግዳ ሥር ኩርምት ብዬ ተቀመጥኩ።

ቦታው ደብረ ማርቆስ ነው። ያ ብዙ ሰው ያሳሰረ ምርጫ ባለፈ በዓመቱ፣ ዐቢይ ጾም ከገባ ሦስተኛው ሳምንት ላይ። የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ ነው የወሰዱኝ። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩት ጥያቄ ሳይሠራ ቀረ። የታሰርኩ ዕለት ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ እሱ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ግን እንደዚያ ነው። ያን ጊዜ ቁጡ ነበርኩ። አሁንም ቢሆን ሚስቴ ብትጠየቅ «ቀንሶለታል» ትላለች እንጂ «ለቆታል» አትልም።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አራት ሰው ነበርን። ወለሉ ለአሥራ አራት ሰው አይበቃም፤ በጎን በጎናችን ተኝተን አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። ከጣሪያው ሥር ክንድ የማታስገባ መስኮት ነበረች። ጠዋት ጠዋት የጮቄ ተራራ ብርድ በሷ ይገባል፤ ነፋሱ ወደኛ ከሆነ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ድምፅ ይደርሰናል።

«ይማርህ» ያሉኝ ሽማግሌ ከዲማ አካባቢ የመጡ ቄስ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ ስለኖሩ ሁላችንም «የኔታ» ነው የምንላቸው። ለምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው እሳቸው አልሳቁም፤ እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ። ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሳቸው አላጨበጨቡም ተብለው ነው።

«በአንድ እጄ መቋሚያ፣ በአንድ እጄ ጭራ ይዣለሁ» አሉኝ። «በየትኛው እጄ ላጨብጭብ?»

ጉዳያቸው ይኸው ነበር። ሁለት ወር አልፏቸዋል።

የኔታ የሚነሡት ሁላችንም ከመንቃታችን በፊት ነው። የትኛው ግድግዳ ምሥራቅ እንደሆነ በገቡ ማግስት ከመስኮቷ ብርሃን ለይተው አውቀዋል። መጀመሪያ ብርድ ልብሳቸውን በአራት ያጥፋሉ። ቀጥለው በመጥረጊያ ቁራጭ የተኙባትን ቦታ ይጠርጋሉ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። በመጥረጊያው አቧራ ሁላችንም እናነጥሳለን፤ እሳቸውም ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ በእጃቸው ምልክት «ይማራችሁ» ይሉናል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

«የኔታ፣ ይህን ወለል ቢጠርጉት ባይጠርጉት ምን ለውጥ አለው? ነገ ያው አቧራ ነው እኮ!»

«ትናንት ፊትህን ታጥበህ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ታጠብክ?»

በጥያቄ መረታት አስተማሪን እንዴት እንደሚያበሽቅ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እኔ ያን ጊዜ ማተብ ያሰርኩ ክርስቲያን ነበርኩ፣ ከዚያ ያለፈ አልነበርኩም። እጾማለሁ፣ ሰው ሁሉ ስለሚጾም። ለጥምቀት እወጣለሁ፣ ከተማው ሁሉ ስለሚወጣ። የኔታን ግን ሳያቸው እቀና ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ያስቀናኝ እንቅልፋቸው ነው። ለምርመራ ስም ሲጠራ ሁላችንም ልባችን ይመታል፤ እሳቸው የጀመሩትን አንቀጽ ጨርሰው «መጣሁ ልጄ» ብለው ለፖሊሱ ይነሡለታል። አንድ ቀን ከንፈራቸው ደምቶ ተመለሱ። ገብተው መጀመሪያ ያደረጉት ተዛንፎ የነበረ ብርድ ልብሳቸውን አስተካክሎ ማጠፍ ነው።

«አይፈሩም እንዴ፣ የኔታ?» አልኳቸው።

«እንዴት አልፈራም? ሰው አይደለሁ? ግን ብቻዬን አልሸከመውም። ጠዋት ስነሣ ፍርሃቴን ለፈጣሪ አደራ እሰጠዋለሁ። ማታ ስጠይቀው አቅልሎ ይመልስልኛል።»

«አንዳንድ ቀን ባይቀልስ?»

«እንግዲያው በማግስቱም እሰጠዋለሁ። መጥረጊያውን አላየህም?»

ከጎኔ የሚተኛው ከደብረ ኤልያስ በኩል የመጣ ገበሬ ነበር። ከኔ አሥር ዓመት ይበልጣል፤ ቀኝ ጉልበቱ ታማሚ ነው። መሣሪያ ደብቀሃል ተብሎ ነው የታሰረ። ዝም ያለ፣ ጨዋ ሰው። አንድ ችግር ነበረበት፤ ያንኮራፋል። ኧረ ማንኮራፋት ብቻም አይደለም፣ ጣሪያው ይነሣል! የሆሣዕና ዕለት ንጋት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ሳይከደን አድሬ ተነሣሁና ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኽሁበት።

«እንደ በሬ ታንኮራፋለህ! ሰው አይደለህም እንዴ?»

ገበሬው ጋቢውን ከፊቱ ላይ ገፍፎ አየኝ።

«በሬዬን ሽጬ ነው ልጄን ያስተማርኩት» አለ ቀስ ብሎ። «አስተማሪ እንዲህ መሆኑን ባውቅ በሬዬን አልሸጠውም ነበር።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ተኮራረፍን፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን እየተኛን ቃል መለዋወጥ አቆምን። ማንም አላወቀብንም፤ ምክንያቱም በማግስቱ ሰሙነ ሕማማት ገባ፤ በሕማማት ደግሞ ሰላምታ የለም፣ መጨባበጥ የለም፣ መስቀል መሳለም እንኳ የለም። ኩርፊያዬን በሕማማት ሸፈንኳት። የኔታ ብቻ ሰኞ ጠዋት ሲያልፉ ጎንበስ ብለው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለውኝ ሄዱ።

ማክሰኞ ተጠራሁ።

መርማሪው በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነበር። ጣቱ ላይ ከሆሣዕና የቀረች የዘንባባ ቀለበት አጥልቋል። አንድ የተጻፈ ወረቀት ወደኔ ገፋ አደረገ። ወረቀቱ ስለ አንድ ጓደኛዬ ነው፤ አብሮኝ የሚያስተምር የጂኦግራፊ አስተማሪ። ጓደኛ ማለት ያንሰዋል፤ ሚዜዬ ነበር። እሱን ባሕር ዳር ወስደውታል። ወረቀቱ «ተማሪዎችን በየቅዳሜው ቤቱ እየሰበሰበ ለብጥብጥ ሲያዘጋጅ በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል፣ ከታች የኔ ስም ተጽፏል፣ ፊርማ ብቻ ይቀረዋል።

እውነቱን ልንገራችሁ። በየቅዳሜው ተማሪዎች ቤቱ ይመጡ ነበር። ሁለታችን ለብሔራዊ ፈተና ነበር የምናስጠናቸው። እኔ ሒሳብ አስጠናለሁ፣ እሱ ካርታ ያስነብባል። በዓይኔ ያየሁት ብጥብጥ ቢኖር የቆሎ ሽሚያ ነው።

«ሚስትህ ወሯ ገብቷል አሉ» አለኝ መርማሪው።

ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልኩ።

«የመጀመሪያችሁ ነው?»

«አዎ።»

«ፈርምና ፋሲካን ከቤትህ ዋል። ሰው ግደል አላልኩህም፣ አንድ ፊርማ ነው። እስከ ዓርብ አስብበት።»

«እሺ» አልኩት።

ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም። «እሺ» ስል ድምፄ ጥርት ያለ ነበር፤ ያንን አስታውሳለሁ። ወደ ክፍሉ ስመለስ ልቤ ቀሎኝ ነበር። ሚስቴ ብቻዋን አትወልድም፤ እሱንም እንደሆነ ባልፈርምም አይለቁትም፤ ማንም ያደርገዋል፤ ከወጣሁ በኋላ ጠበቃ አፈላልግለታለሁ። እንዲህ እያልኩ ደመርኩ፣ ቀነስኩ፤ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ መልሱን በምፈልገው መንገድ አመጣሁት።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ሚስቴ ጉልባን ይዛልኝ መጣች። መገናኘት ስላልተፈቀደ ሳሕኑን ያመጣልኝ ተረኛው ፖሊስ ነው። ስንዴና ባቄላው እንደ ወጉ ተቀቅሎ፣ ከሳሕኑ ጎን ደግሞ አንድ የወይራ መፋቂያ በጨርቅ ተጠቅልሎ።

«ሚስትህ መቆም አልቻለችም» አለኝ ፖሊሱ። «ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው የጠበቀችው።»

ጉልባኑን ለአሥራ አራት ሰው አዳረስኩ። ገበሬው ከእጄ አልተቀበለም፤ ሳሕኑ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ከተረፈው ጥቂት ዘገነ። እኔ አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀመስኩም። የተቀመጠችባት ድንጋይ ከሐሳቤ አልወጣ አለች።

ዓርብ ስቅለት ነጋ።

የኔታ ከጠዋቱ ጀምረው ሥርዓት አወጡ። ወለሉ ላይ አራት ሰው ብቻ ነው ሊሰግድ የሚችለው፤ ስለዚህ አራት አራት እየሆንን በተራ እንሰግዳለን፣ የቀረው ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። ገበሬው በጉልበቱ ምክንያት መስገድ ስላልቻለ ተከፋ። የኔታም «አንተ ቁጠር» አሉት። «የሰው ቁጥር የሚጠብቅም ሰጋጅ ነው።» እሱም ከትናንቱ ጉልባን የተረፈውን ባቄላ ሳሕን ላይ ለቅሞ ተቀመጠ። አንዱ ሲሰግድ አንድ ባቄላ፣ ሌላው ሲሰግድ ሌላ ባቄላ ከወዲህ ወደዚያ ያሻግራል። የአራት ሰው ቁጥር ሳያሳስት ሲይዝ ሳየው እኔ እንኳ ተገረምኩ።

«ኪርያላይሶን» ስንል ድምፃችን በመስኮቷ ወጣ። ፖሊሱ በሩን በርግዶ «ምንድን ነው ይኼ?» አለ። ተመለከተን፤ ላባችን ይንጠባጠባል፣ አቧራው ቤቱን ሞልቶታል። ትንሽ ቆመና «ድምፃችሁን ቀንሱ» ብሎ አየር ይግባ ብሎ ነው መሰል በሩን ገርበብ አድርጎ እደጃፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ጥብጠባው ደረሰ። እንደምታውቁት በስቅለት ማብቂያ ሰው ጎንበስ ብሎ በሳምንቱ ያጠፋውን ለቄሱ ይናገራል፤ ቄሱ ጀርባውን በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርጎ ስግደት ያዝዘዋል። ወይራ ከየት ይምጣ? የኔታ ዙሪያውን ተመለከቱና ዓይናቸው የኔ መፋቂያ ላይ አረፈ።

«ይቺ ወይራ አይደለችም?»

«ነች። ግን መፋቂያ እኮ ናት፣ የኔታ!»

«ዛፉ ጥርስህን አያውቅም። አምጣት።»

ጣት የምታህለውን መፋቂያ ይዘው ምሥራቁ ግድግዳ ሥር ቆሙ። ሰው በየተራው ጎንበስ አለላቸው። ተራዬ ሲደርስ ጆሯቸው ሥር ተጠግቼ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ስለ ሚዜዬ፣ ስለ ወረቀቱ፣ «እሺ» ስለማለቴ፣ ስለ ሚስቴ። ሁሉንም። ከዚያ ያሰብኩትን ተናገርኩ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ያስቀኛልም።

«ዛሬ ሊጠሩኝ ነው። ስለምፈርመው ነገር ስግደቱን ከወዲሁ ይዘዙኝ። ሦስት መቶም ቢሆን፣ አምስት መቶም ቢሆን እሰግዳለሁ። ከወጣሁ በኋላ የት አገኝዎታለሁ?»

የኔታ መፋቂያዋን ዝቅ አደረጉ። የተቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ባያቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አይ ልጄ» አሉኝ። «ንስሐ ቀብድ አይያዝበትም። ላልተሠራ ኃጢአት ስግደት የለኝም።»

«እሠራዋለሁ እኮ ነው የምልዎት!»

«አልሠራኸውም። እስካሁን ያለኸው በንጹሑ ወገን ነው። በእጄ የሌለውን አትጠይቀኝ። የሠራኸውን ንገረኝ።»

«ከዚህ ሌላ ምን ሠራሁ?»

በመፋቂያዋ ወደ ገበሬው ጠቆሙኝ።

«ይህን ሰው በሬ ብለኸዋል። ሰው አይደለህም ብለኸዋል። እሱ ተሠርቷል። አርባ አንድ ስገድ።» ጀርባዬን ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረጉት፤ የመፋቂያዋ ጫፍ ብዙም አትሰማም ነበር።

ንዴቴን አልደብቅም። ሰማይ ሊደፋብኝ ነው፣ እሳቸው ስለ ማንኮራፋት ያወራሉ! እየተቆጣሁ ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ግንባሬ ወለሉን ሲነካ የጆንያውና የጤፉ ሽታ አፍንጫዬ ይገባል። አሥር ላይ ቁጣዬ ከትንፋሼ ጋር ወጣ። ሃያ ላይ የገበሬው ነገር እውነት አሳፈረኝ፤ በሬውን ሸጦ ልጅ ያስተማረ ሰው። ከሃያ በኋላ ምንም አላሰብኩም። ከታሰርኩ ጀምሮ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት ከብዙ ዘመን ጀምሮ፣ ልቤ ዝም ያለው ያን ጊዜ ነው።

ሠላሳኛዋን ሰግጄ ስነሣ ስሜ ተጠራ።

መርማሪው ከንፈሩ ደርቋል። እሱም ጾም ውሏል፤ ቀለበቷም ከጣቱ አልወጣችም። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ብዕሩ ከላዩ።  ብዕሩን አነሣሁት። አዎ፣ አነሣሁት፤ ክዳኑንም ነቀልኩ። የሚዜዬን ስም አየሁ፣ ከታች የኔን ስም አየሁ። በሠርጌ ቀን ክራባቴን ያሰረልኝ እሱ ነው፤ እኔ እስከ ዛሬ ማሰር አልችልም።

እንግዲህ ቁጥር አመሌ ነው። በሬ ለማለት አርባ አንድ ከሆነ፣ ለዚህኛው ስንት ይሆናል ብዬ ላሰላ ሞከርኩ። መልሱ እምቢ አለኝ። ሙሉ ዕድሜዬን ብሰግድ የማልጨርሰው ነገር ከፊቴ ተቀምጧል፤ ደግሞ ገና አልሠራሁትም። ገና በንጹሑ ወገን ነኝ። ይህች ነገር በድንገት እንደ ትልቅ ሀብት ታየችኝ።

ብዕሩን መልሼ ከደንኩና ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምነው?» አለ መርማሪው።

«ስግደት አቋርጬ ነው የመጣሁት። አሥራ አንድ ይቀረኛል።»

«ፈርምና ቤትህ ሄደህ ትሰግዳለህ።»

«ከፈረምኩ አሥራ አንድ አይበቃኝም» አልኩት። «እባክዎ ወደ ክፍሌ ይመልሱኝ።»

አፍጥጦ አየኝ። ቀለበቷን በአውራ ጣቱ አዟዟራት።

«ሚስትህስ?»

 «እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት ፈልጌ ነበር፤ አልወጣልኝም። አለቀስኩ። ጀግና አልነበርኩም፤ ጠረጴዛው ፊት ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ዛሬ ስቅለት ባይሆን...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ከፋሲካ በኋላ እንተያያለን።»

ተያየን። ስለዚያኛው አልጽፍም።

ወደ ክፍሉ ስገባ ሁሉም ጨርሶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እግር ማስቀመጫ በሌለበት በዚያ ክፍል መሃል አንድ ሰው የምታሰግድ ባዶ ቦታ ተለቃለች። ቦታዬ ነች። ከጎኗ ገበሬው ታማሚ ጉልበቱን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሳሕኑ ላይ ባቄላው ለሁለት ተከፍሏል፤ በአንዱ ወገን ብዙ፣ በአንዱ ወገን ጥቂት።

የኔታ ምንም አልጠየቁኝም። ማንም አልጠየቀኝም። ገበሬው ብቻ ከሆሣዕና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረኝ።

«ሠላሳ ላይ ነበርክ፣ መምህር። አሥራ አንዱ ይኸውልህ።»

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ስገድ አሁን፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

ሠላሳ አንድ ብዬ ወደቅሁ። እያንዳንዷ ባቄላ ሳሕኑ ላይ ስታልፍ ድምፅዋ ይሰማኛል። አርባ አንደኛዋን ጨርሼ ስነሣ አቧራው አፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝ።

«ይማርህ» አሉ የኔታ።

«ያኑርዎ፣ የኔታ» አልኳቸው። ከሳምንታት በፊት የቀረችባቸውን ነው የመለስኩላቸው።

ሌላ ጊዜ ስለ ወረቀቱ ለገበሬው ነገርኩትና ጠየቅሁት። «ፈርሜ ቢሆንስ ኖሮ? ምን ልትል ነበር?»

«እኔ የምቆጥረው ስግደት ነው» አለኝ። «ሌላውን የሚቆጥር ሌላ አለ።»

ልጄ የተወለደችው እኔ እዚያው እያለሁ ነው። ሚስቴ ብቻዋን አልወለደችም፤ የሰፈር ሴቶች ሁሉ ነበሩ፤ ምጡን ያስጀመረው ግን ድንጋይ ላይ መቀመጥ ነው እያለች እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። ወሬውን የነገረኝ ያው ተረኛ ፖሊስ ነው፤ «ሴት ናት፤ ጮኻ ነው የወጣችው፣ ቁርጥ አንተን ናት» አለኝ። ያን ዕለት አሥራ አራታችንም እልል አልን። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት መጥረጊያውን ከየኔታ እጅ እየተቀበልኩ እኔ መጥረግ ጀመርኩ። ውዳሴ ማርያሙንም ከሳቸው በቃሌ ያዝኩት፤ እዚያ የቆየሁበት ስምንት ወር ብዙ ጊዜ ነው። ፍርሃቴ አልጠፋም። አደራ መስጠቱን ግን ለመድኩት፤ አንዳንድ ቀን በእውነት ቀሎ ይመለስልኛል።

የኔታ ከወጡ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖረው ዐረፉ። ገበሬው አለ፤ ፋሲካ ሲቃረብ በአውቶቡስ አንድ ቁና ባቄላ ሳይልክልኝ ቀርቶ አያውቅም። ሚዜዬ ከኔ በሦስት ወር ዘግይቶ ተፈታ። ተመልሰን አንድ ትምህርት ቤት ገባን። በየዓመቱ ለጸሎተ ሐሙስ እኛ ቤት መጥቶ ጉልባን ይበላል። እኔም በየዓመቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ያቺን «እሺ» እውጣታለሁ። አልፈረምኩም፣ እውነት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ግን በልቤ ሸጬው ነበር።

አምና ነገርኩት። ሳሕኑ መካከላችን እያለ፣ ምንም ሳላስቀር። ባቄላውን እያኘከ ሰማኝ።

«ሦስት ቀን ብቻ?» አለ።

«አዎ፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ።»

«በኔስ ፊት ስላንተ የተጻፈ ወረቀት ያልተቀመጠ መሰለህ? እኔ እኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ 'እሺ፣ ነገ እፈርማለሁ' ስላቸው ነበር።»

ክው አልኩ።

«ታዲያ ምን አስቀረህ?»

«እንጃ። ጠዋት ስነሣ ጸልዬ እጀምራለሁ፤ ከጸለይኩ በኋላ ደግሞ እጄ እምቢ ይለኛል። ለነገ እላለሁ። የተማሪ ውጤት እንኳ በጊዜው አስረክቤ እንደማላውቅ አንተ አታውቅም?»

እውነቱን ነው፤ ርዕሰ መምህሩ በሱ ያልታመመበት ዓመት የለም። ሳቅ ጀመርን፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደ፣ ልቅሶው ወደ ሳቅ ተመለሰ። ሚስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «በሕማማት ምን ያስቃችኋል?» ብላ ተቆጣች። ሁለታችንም ወደ ሳሕኑ አጎነበስን።

በማግስቱ ስቅለት ጎን ለጎን ቆመን ሰገድን። ልጄ ከኋላችን ነበረች። ስንት እንደሰገድን ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ያን ቀን አልቆጠርኩም።